አርድቤግ ዊ ቢስቲ፦ ገና በ5 ዓመቱ የሚጨስ ውስኪ

ብዙ ፋብሪካዎች ልጅ እግር ውስኪ ሲሸጡ ዕድሜውን ጠርሙሱ ላይ ሳይጽፉ ያልፉታል። በስኮትላንዱ አይላ ደሴት ያለው የውስኪ ፋብሪካ አርድቤግ እ.ኤ.አ. በ2020 ዊ ቢስቲን ሲያወጣ ግን 5 ዓመት ብሎ በግልጽ ጻፈ። የስኮትላንድ ውስኪ ሕግ የሚጠይቀው ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል መቆየትን ነው፤ ጠርሙስ ላይ የሚሰፍረውም ከተቀላቀሉት ሁሉ የታናሹ ዕድሜ ነው።

እዚህ ልጅነቱ ጉድለት አይደለም። ጭሱ የሚገባው ብቅሉ በፒት፣ ማለትም ረግረግ ውስጥ ለረጅም ዘመን በተጠራቀመ ግማሽ በሰበሰ ዕፅዋት፣ እሳት ሲደርቅ ነው። ከጭሱ ገብሱ ላይ የሚቀረው ፌኖል፣ ማለትም የጭስ ሽታና ጣዕም የሚሰጠው ቅመም፣ በርሜል ውስጥ ዓመታት በቆየ ቁጥር ይለዝባል፣ የእንጨቱም ጣዕም ይጫነዋል። በ5 ዓመቱ ገና ጉልበቱ አልደከመም።

አልኮሉ 47.4 በመቶ ነው። አፍንጫን ብርጭቆው ውስጥ የሚከት ሰው የሚያገኘው አልኮሉን ብቻ ነው፤ ከዚያም አፍንጫው ለጊዜው ደንዝዞ ምንም አይለይም። አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ 30 ሚሊ ሊትር ቀድቶ 10 ደቂቃ ያህል መተው፣ ከዚያ ከጠርዙ ራቅ ብሎ፣ አፍን ትንሽ ከፍቶ ማሽተት ይሻላል። ትኩስ ሬንጅ፣ አመድ፣ ጥቂት አዮዲን ይመጣል፤ ከሥሩ ቫኒላና ጠንከር ያለ የፒር ፍሬ ሽታ አለ። ልጅነቱን የሚያሳብቀው ይህ ፒር ነው።

ምላስ ላይ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ወዲያው ቁንዶ በርበሬና ጨው ይከተላል። ቫኒላው ቦርቦን (የአሜሪካ ውስኪ) ከነበረበት በርሜል፣ ጥቁር ቸኮሌት የመሰለው ምሬት ኦሎሮሶ ሼሪ (የስፔን ወይን) ከነበረበት በርሜል ነው። ድክመቱ መሃል ላይ ነው፦ ከመጀመሪያው ምት በኋላ ጣዕሙ ይሳሳል። የ10 ዓመቱ አርድቤግ አልኮሉ 46 በመቶ ሆኖ ሳለ እዚያ ላይ ይበልጠዋል። ከተዋጠ በኋላ ግን የዊ ቢስቲ ጭስ ቶሎ አይለቅም፤ ይህ ብቻውን ዋጋ አለው።

ውሃ ይስማማዋል፣ ልኩ ከታወቀ። ለ30 ሚሊ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ውሃ ሲገባ አልኮሉ ወደ 44 በመቶ ይወርድና ጣፋጩ ጎላ ይላል። ሙሉ ማንኪያ ወደ 41 በመቶ ያወርደዋል፤ ያን ጊዜ የሳሳው መሃል ይራቆታል። ውሃ ሲነካው ትንሽ ቢደፈርስ አልተበላሸም፤ ቀዝቅዞ ስላልተጣራ ውስጡ የቀረው ቅባት ነው። በረዶ ሽታውንም ጣፋጩንም ያፍናል፣ ለዚህ ውስኪ አይመከርም። በቀዝቃዛ ሶዳ፣ 1 ለ3፣ ግን ደህና ይሄዳል፤ ጭሱ ሶዳውን ይችለዋል።

ከሌሎች ጋር ሲቀመስ የመጨረሻው ይሁን፣ ከሱ በኋላ ለስላሳ ውስኪ ጣዕሙ አይታወቅም። ብርጭቆውም ወዲያው በሙቅ ውሃ ይለቅለቅ። ጠርሙሱ ቆሞ ይቀመጥ፤ ከተጋደመ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋል። ከሲሶ በታች ሲቀር ውስጡ አየር ስለሚበዛ ወደ ትንሽ ጠርሙስ መገልበጥ ወይም ቶሎ መጨረስ ነው።