የፍሪጅ አይስ ሜከር ሲበላሽ፦ ኮፒ፣ ኦሪጅናል፣ ቴክኒሻን ወይስ የጠረጴዛ ማሽን?

ሰኔ ሲገባ ስልኬ በአንድ ጥያቄ ይጨናነቃል። «ፍሪጁ በረዶ መሥራት አቆመ፣ ምን ልግዛ?» እዚህ ሜሪላንድ ሙቀቱ ሲጀምር የልጆች ምረቃው፣ ክርስትናው፣ ማኅበሩ ሁሉ ይደራረባል። ሰው የፍሪዘሩን በር ከፍቶ ባዶውን የበረዶ ሳጥን የሚያየውም ያን ጊዜ ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው አልኩ።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። አይስ ሜከሩ፣ ማለትም ፍሪጁ ውስጥ በረዶ የሚሠራው ማሽን፣ የምር ከሞተ ኦሪጅናሉን ገዝታችሁ ራሳችሁ ግጠሙት። ኮፒውን አትንኩት። ይህን የምለው ኮፒ ገዝቼ ስለተቃጠልኩ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የእኔው ሲሞት ኦሪጅናሉ 115 ዶላር ነበር፣ ኮፒው 38። ፎቷቸው አንድ ነው። መጠናቸው አንድ ነው። ለአንድ ቁራጭ ብረትና ፕላስቲክ ሦስት እጥፍ የምከፍለው ለምንድነው ብዬ ኮፒውን አዘዝኩ። ስገጥመው የሽቦው መሰኪያ ላላ አለብኝ፤ ጠቅ ብሎ አይገባም። በአውራ ጣቴ ገፋ አድርጌ ተውኩት። ሁለት ወር ተኩል ሠራ። አንድ ጠዋት ቡና ላፈላ ወጥ ቤት ስገባ ካልሲዬ ራሰ።

የኮፒው ሞተር ውሃ በሚሞላበት ቦታ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ሞተሩ እዚያ ላይ ከቆመ ውሃ የሚያስገባው ቫልቭ አይዘጋም፤ ውሃው ዝም ብሎ ይወርዳል። ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሯል። የታችኛው መሳቢያ አንድ ወጥ የበረዶ ድንጋይ ሆኗል። እናቴ ከአዲስ አበባ የላከችው በርበሬ በበረዶው ውስጥ ቀይ ሆኖ ይታያል፣ ግን አይወጣም። እስኪቀልጥ ጠብቄ ሳወጣው ከረጢቱ ውሃ አስገብቶ ግማሹ በርበሬ ተበላሽቷል። ከፍሪጁ ፊት ያለው የእንጨት ወለል አበጠ። እሱን ለማስቀየር 260 ዶላር ከፈልኩ። ሂሳቡን አስቡት። 77 ዶላር ላተርፍ ብዬ 298 አወጣሁ፣ ከዚያም ኦሪጅናሉን በ115 ገዛሁ። የእናቴን በርበሬ በዋጋ አላስቀምጠውም። ኮፒውን ልመልስ ስል የ30 ቀኑ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻቸዋለሁ። የኦሪጅናሉ ትሪ፣ ውሃው በረዶ የሚሆንበት፣ ወፍራም ነው፣ ቅቡም እኩል ነው። የኮፒው ቅብ በሁለት ወር ተኩል ውስጥ ጠርዙ ላይ መላጥ ጀምሮ ነበር። ያ ቅብ የሚሄደው በረዶው ውስጥ፣ ከዚያም ብርጭቆው ውስጥ ነው። ከትሪው ሥር ያለው ማሞቂያም በየዙሩ በረዶውን ትንሽ አሙቆ የሚያላቅቀው ነው። ውሃና ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን የሚሠሩበት ዕቃ ላይ ዋጋ መቆጠብ አይገባም።

ስትገዙ የማስታወቂያውን ቃል በጥንቃቄ አንብቡ። «ኮምፓቲብል» ወይም «ሪፕሌስመንት ፎር» ካለ፣ የብራንዱ ስም በትልቁ ቢጻፍም ዕቃው ኮፒ ነው። «ኦሪጅናል» ተብሎ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠውንም አትመኑ። የፍሪጁ ሞዴል ቁጥር ውስጠኛው ግድግዳ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በአትክልት መሳቢያው አካባቢ ተለጥፏል። በእሱ የዕቃውን ቁጥር አግኙና ዋጋውን በዕቃው ቁጥር አወዳድሩ። አንድ ትንሽ ምስጢር ልጨምር። ኬንሞር የተባለ ፍሪጅ ካላችሁና ሞዴል ቁጥሩ በ106 ከጀመረ የሠራው ዊርልፑል የተባለው ኩባንያ ነው። ሜይታግና ኪችንኤይድም የዊርልፑል ናቸው። አንዱ ዕቃ በተለያየ ስም በተለያየ ዋጋ ሊሸጥ ስለሚችል ይህን ማወቅ ኪስ ያድናል።

ግን ምንም ከመግዛታችሁ በፊት እባካችሁ ይህን እዩ። ጎረቤቴ 120 ዶላር ከፍሎ አዲስ አይስ ሜከር ገጠመ። እሱም በረዶ አልሠራም። ችግሩ ዓመት ከመንፈቅ ያልተቀየረ የውሃ ፊልተር ነበር። ፊልተር በየስድስት ወሩ ይቀየራል። በረዶው እየጠበበና መሐሉ ባዶ እየሆነ መጥቶ ከቆመ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃው ነው። ብዙ ፍሪጆች በፊልተሩ ቦታ የሚገባ መዝጊያ አላቸው። እሱን አስገብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። በረዶ ከሠራ ጥፋተኛው ፊልተሩ ነው። ፊልተር ላይም እንደዚሁ ኮፒ ሞልቷል። የኤን ኤስ ኤፍ፣ ማለትም የውሃ ማጣሪያዎችን የሚፈትነው ድርጅት፣ ማረጋገጫ የሌለውን እኔ አልገዛም። ማረጋገጫው ላይ 42 የሚለው ቁጥር የክሎሪን ጣዕምና ሽታን ይመለከታል፣ 53 ደግሞ እንደ እርሳስ ያሉ ጤና የሚጎዱ ነገሮችን። የምትጠጡት ስለሆነ ሁለቱም ያሉበትን ፈልጉ።

ሌላው የሚረሳው በአይስ ሜከሩ ጎን ያለችው ሽቦዋ እጅ ናት። ወደ ላይ ከተነሳች ማሽኑ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ዕቃ ስትጨምሩ ልትነሳ ትችላለች። የፍሪዘሩንም ቅዝቃዜ ለኩ፤ ዜሮ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 18 ሴንቲግሬድ አካባቢ መሆን አለበት። ውሃ የሚያወርደው ቱቦ በበረዶ ከተደፈነ ደግሞ ፍሪጁን ከሶኬት ነቅላችሁ ቱቦውን ለብ ባለ ውሃ አቅልጡት። በሳምንቱ ተመልሶ ከተደፈነ ከጀርባ ያለው የውሃ ማስገቢያ ቫልቭ እያንጠባጠበ ነው። የውሃ ግፊት ከ20 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) በታች ሲወርድ ቫልቩ አጥብቆ አይዘጋም። ለእኔ ቫልቩ 34 ዶላር ወጣብኝ፣ ኦሪጅናሉ።

ቴክኒሻን መጥራትስ? እኔ ዘንድ የመጣው ደጃፍ ለመርገጥ ብቻ 95 ዶላር አስከፈለ፣ ለሥራውና ለዕቃው በጠቅላላ 285 ጠየቀ። ሥራው ለለመደ ሰው የግማሽ ሰዓት ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። አይስ ሜከሩ ከፍሪዘሩ ሳይሆን ከላይኛው የፍሪጅ ክፍል ውስጥ ለብቻው በተሠራ ሳጥን የሚቀመጥባቸው ባለ ሁለት በር ፍሪጆች አሉ። እነሱ ላይ ሞቃት አየር ሾልኮ እየገባ ሳጥኑን በረዶ ያስይዘዋል፣ ዕቃውን ብትቀይሩትም ያው ነው። እነሱን የሚያውቅ ቴክኒሻን አስመጡ። ስትጠሩ ዕቃውን ከነካርቶኑ እንዲያሳያችሁ፣ አሮጌውንም እንዲያስረክባችሁ ጠይቁ። የኪራይ ቤት ከሆነና ፍሪጁ የአከራዩ ከሆነ ግን አንድ ሳንቲም ሳታወጡ በመጀመሪያ ለእሱ አመልክቱ።

ስለ ጠረጴዛዋ ማሽን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እህቴ በ99 ዶላር ገዝታለች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ በረዶ ትጥላለች፣ እውነት ነው። ግን በረዶው መሐሉ ክፍት ስለሆነ ቶሎ ይሟሟል። ማሽኗ ፍሪዘር አይደለችም፤ ያልወሰዳችሁት በረዶ እዚያው ቀልጦ ውሃ ይሆናል። ድምፅ አላት። የቡናውን ረከቦት ቦታም ወሰደች። እህቴ አሁን ጓዳ ውስጥ አስቀምጣታለች። ለአንድ ቀን ድግስ ከሆነ አምስት ከረጢት በረዶ ከ20 ዶላር ብዙም አያልፍም፤ ማሽን አያስፈልግም።

በረዶ አልፎ አልፎ ለምትጠቀሙ ደግሞ የአንድ ዶላር ከሩብ የፕላስቲክ ትሪ ይበቃል። በ2011 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የሞከራቸው አይስ ሜከሮች የፍሪጁን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከ12 እስከ 20 በመቶ ይጨምሩ ነበር፤ አብዛኛውን የሚበላው ያ ትንሽ ማሞቂያ ነው። እኛ ቤት ግን እንግዳ ስለማይጠፋ ትሪ አላዛለቀንም።

ኦሪጅናሉን ለምትገጥሙ፣ ፍሪጁን ከሶኬት ንቀሉ፣ ውሃውንም ዝጉ። በተለመደው የዊርልፑል ዓይነት ላይ ሦስት ብሎኖች አሉ። የላይኞቹን ሁለቱን ማላላት ብቻ ነው፣ የታችኛውን አውጡት። አይስ ሜከሩን ወደ ላይ አንስታችሁ ሳቡት፣ የሽቦውን መሰኪያ ከግድግዳው ንቀሉ። አዲሱን በዚያው መንገድ መልሱ። መሰኪያው ጠቅ ማለት አለበት፤ ጠቅ ካላለ አትቀጥሉ። የመጀመሪያውን ሌሊት ከሥሩ ፎጣ አንጥፉና ጠዋት ዳስሱት። በረዶ እስኪሠራ አንድ ቀን ሊፈጅ ስለሚችል አትደንግጡ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ድፏቸው፣ ከአራተኛው ጀምሮ ለእንግዳ ይቀርባል።