ሰሜን ተራሮች ለምትወጡ፦ ደባርቅ ላይ አንድ አስጎብኚ አለ

ሰላም ለሁላችሁ። ከመስቀል ማግሥት ከ16 ዓመት ልጄ ጋር ከሜሪላንድ መጥተን፣ ጎንደር ዘመድ ጠይቀን ሰሜን ተራሮች ወጥተን ነበር። የመራንን አስጎብኚ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ቅር ይለኛል።

ልጄ ለጉዞው ብሎ አሜሪካ አዲስ ኮምፓስ ገዝቶ ነበር። ዲግሪ የተጻፈበት ቀለበቱ የሚዞር፣ መርፌው ቶሎ እንዲረጋ ፈሳሽ ውስጥ የተቀመጠ፣ ደህና ዕቃ ነው። ጊች ካምፕ ደርሰን ሲያወጣው ግን መርፌው አልዞር አለ። ልጁ ክፉኛ አዘነ። አስጎብኚው ተቀብሎት ዓይኑ ትክክል ከፍ አደረገና ከጎን አየው። «ና እይ፣ አልተበላሸም» አለው። የመርፌው የደቡብ ጫፍ ዘንበል ብሎ የዕቃውን ወለል ነክቷል።

ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳው። የምድር ማግኔት መርፌን ወደ ሰሜን ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ይስባል። ዋሽንግተን አካባቢ ስበቱ ከ60 ዲግሪ በላይ ቁልቁል ያዘነብላል። ስለዚህ ለዚያ አገር የሚሠራ መርፌ በሰሜን ጫፉ እንዳይደፋ በደቡብ በኩል ሚዛን ይጨመርለታል። የማግኔት ወገብ የሚባለው መስመር ግን የሚያልፈው በኢትዮጵያ ነው። እዚህ ስበቱ ወደ አግድም ስለሚቀርብ ያ ሚዛን መርፌውን በጭራው ይጎትተዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪም ለዚህ መስመር ቅርብ በመሆኑ ይታወቃል። አዲስ አበባ ተወልጄ አድጌ ይህን የሰማሁት ጊች ሜዳ ላይ ነው!

በማግሥቱ እሜት ጎጎ ከሚባለው የተራራ ጫፍ ወጣን። ከመነሳታችን በፊት አስጎብኚው አቅጣጫውን በራሱ አሮጌ ኮምፓስ አንብቦ ዲግሪውን ልጄን አስጻፈው። ስንመለስ ጉም ወረደብን። በአንድ በኩል ገደል ነው፣ ሃያ እርምጃ ራቅ ያለ ነገር አይታይም። እኔ ፈርቼ ነበር፣ አልደብቅም። እሱ ግን ድምፁ እንኳ ሳይለወጥ ስካውታችንን፣ አብረውን የነበሩትን የታጠቁ ጠባቂ፣ «አባባ፣ ጠመንጃውን ትንሽ ራቅ ያድርጉልኝ» አላቸው፣ ብረት መርፌውን ያሳስተዋላ። የእኔንም ስልክ አስራቀኝ። ኮምፓሱንም ድንጋይ ላይ አላስቀመጠም፤ ጥቁሩ ድንጋይ ራሱ ማግኔትነት ሊኖረው ይችላል አለን። ከዚያ መመለሻው ተቃራኒው አቅጣጫ ስለሆነ ልጄ ከጻፈው ዲግሪ ላይ 180 አስደምሮ፣ ቀለበቱን አዙሮ፣ በዚያ መስመር ላይ የምትታየውን አንዲት ጅብራ፣ ያን የደጋውን ረጅም ተክል፣ መረጠ። እሷ ጋ እንደርሳለን፣ ቆመን ሌላ ጅብራ እንመርጣለን። እንዲህ ከጅብራ ጅብራ እየተቀባበልን ድንኳናችን በር ላይ አደረሰን። የመጨረሻዎቹን ሁሉ የመረጠው ልጄ ነው፤ እሱ ከኋላ ሆኖ ያርመው ነበር።

ከልጆች ጋር የምትሄዱ ሰዎች፣ እባካችሁ እሱን ያዙ። ስሙንና ስልኩን ሳላስፈቅድ እዚህ አላወጣም፤ ደባርቅ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ «ኮምፓስ የሚያስተምረው» ብትሉ ይጠሩላችኋል። ከውጭ ኮምፓስ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ለሁሉም የዓለም ክፍል የተሠራውን ጠይቁ። የዚያ ኮምፓስ መርፌ ከማግኔቱ ተለይቶ ስለሚሠራ ማዘንበሉ አይይዘውም።

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያ አረፋ የገባበት አሮጌ ኮምፓስህ ልጄን አሳስቦታል። ከኪስ ገንዘቡ አዲስ ገዝቶ በዘመድ እጅ ልኮልሃል፣ ጎንደር ሲደርስ ይደወልልሃል።