የባህር ወንበዴው ኮፈን፦ አንድ የሚገጣጠም ኮርሴር በቀለም ቀቢ ዓይን

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ የመኪና ቀለም እቀባለሁ። 22 ዓመት ሆነኝ። የእህቴ ልጅ ጦርነት ላይ የዋሉ አውሮፕላኖችን ሥዕል እንደምወድ ታውቃለችና ከዱባይ ስትመጣ አንድ የሚገጣጠም የፕላስቲክ አውሮፕላን ይዛልኝ መጣች። ወደ 6 ሺህ ብር ወጥቶበታል። ሦስት ሳምንት ከሠራሁት በኋላ ነው ይህን የምጽፈው።

አውሮፕላኑ ኤፍ 4 ዩ-1ኤ ኮርሴር ነው፤ የአሜሪካ ባህር ኃይል የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ። ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያንሳል። ክንፉ ከጫፍ ጫፍ 26 ሳንቲ ሜትር ነው። አገጣጠሙ በጣም ጥሩ ነው። ስቱኮ የፈለገው አንድ ቦታ ብቻ ነው፣ ክንፉ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበት። ያ ክንፍ ሥሩ ላይ ወደ ታች ይሰበርና መልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ምክንያት አለው። ፕሮፔለሩ ከጫፍ ጫፍ 4 ሜትር ገደማ ስለሆነ አፍንጫው ከፍ ማለት ነበረበት። እግሩን ከማስረዘም ይልቅ ክንፉን አጎበጡትና አጭርና ጠንካራ እግር ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ተከሉ። የሞተሩ 18 ሲሊንደሮች አንድ በአንድ ይታያሉ። እዚህ ላይ ሠሪዎቹን አመሰግናለሁ።

አሁን ወደ ኮፈኑ፣ ማለትም ሥዕሉ ወዳለበት የሞተር ሽፋን። ይህ አውሮፕላን የ17ኛው የባህር ኃይል ተዋጊ ቡድን ነው። አዛዡ ቶም ብላክበርን፣ ኮርሴር ማለት የባህር ወንበዴ ማለት ስለሆነ፣ የወንበዴዎቹን ባንዲራ መለያ አደረገው። ጥቁር ጨርቅ፣ ነጭ የራስ ቅል፣ ሁለት የተጠላለፉ አጥንቶች። ረዳቴ ልጅ ገና ሲያየው «ጋሼ፣ ይሄ ትራንስፎርመር ላይ ያለው አይደል?» አለኝ። ነው! መንገድ ማዶ ሆነህ ሳታነብ ይገባሃል።

የባህር ኃይሉ እንዲህ ያለ ሥዕል እምብዛም አይፈቅድም ነበር። የምድር ጦሩ አብራሪዎች ነፃነት ነበራቸው። ኒው ጊኒ ላይ የነበረው ሪቻርድ ቦንግ፣ 40 አውሮፕላን የጣለው፣ የእጮኛውን ፎቶ አሳድጎ ፒ-38 የሚባለው ተዋጊ አውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ለጥፎ «ማርጅ» ብሎ ጻፈበት። ያ አውሮፕላን በሌላ አብራሪ እጅ ሳለ ወደቀ። ስብርባሪው እ.ኤ.አ. በ2024 ፓፑዋ ኒው ጊኒ ጫካ ውስጥ ሲገኝ የክንፉ ጫፍ ላይ ቀይ ቀለም ይታይ ነበር። 80 ዓመት፣ በዚያ ዝናብ! እኔ የቀባሁት መኪና ከአምስት ዓመት በኋላ ቀለሙ ሳይነሳ ሳየው ደስ ይለኛል።

ቅሬታዬ እዚህ ይጀምራል። የራስ ቅሉ የመጣው ውሃ ውስጥ ተነክሮ በሚለጠፍ ስቲከር ነው። ወፍራም ነው። በአዳማ ሙቀት ደግሞ ሳላስተካክለው ደረቀ፤ ጠርዙ አየር ይዞ እንደ ብር አብረቀረቀ። የግራውን ላጥኩት። ኮፈኑን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ባንዲራውን በቀጭን ብሩሽ ራሴ ቀባሁት። የቀኙን ስቲከር ለማወዳደሪያ ተውኩት። የግራው ጥርሱ ትንሽ ጠመመ፣ ግን ሕይወት ያለው እሱ ነው። ከመብረሪያው ክፍል በታች የሚለጠፉት 16 ትናንሽ የጃፓን ባንዲራዎች ግን ጥሩ ናቸው። ይህ የቡድኑ አብራሪ የአይራ ኬፕፎርድ አውሮፕላን፣ ቁጥር 29፣ ነው። እያንዳንዷ ባንዲራ የወደቀ አውሮፕላን ናት፤ ውስጡ ሰው ነበረ። ስለጥፋቸው እጄ ዘገየ።

ትልቁ ቅሬታዬ የቀለም መመሪያው ነው። ሥዕሉ ላይ አውሮፕላኑ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል። እነዚህ ሰዎች እኮ የነበሩት ኦንዶንጋ ነው፤ ሰሎሞን ደሴቶች፣ ኒው ጆርጂያ ላይ ያለ የባህር ኃይሉ የአየር ጣቢያ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1943 መጨረሻ ሲደርሱ ያገኙት የባህር ኃይሉ ግንበኞች ኮራል የሚባለውን የባህር ድንጋይ ፈጭተው የደለደሉት ማኮብኮቢያ ነው። ነጭ አቧራ፣ ጨው፣ ከላይ የምድር ወገብ ፀሐይ። ሰማያዊ ቀለም ፀሐይ ላይ ምን እንደሚሆን የአዳማን ባጃጅ ጣሪያ ያየ ያውቀዋል። ስለዚህ መመሪያውን ትቼ ሰማያዊው ላይ ነጭ ጨመርኩ፤ ጀርባው ላይ ብዙ፣ ጎኑ ላይ ጥቂት። ጠመኔ ፈጭቼ ጎማውና ሆዱ ላይ ነፋሁ።

ከአብራሪው ፊት ያሉት ነጭ መስመሮችም ጌጥ አይደሉም። የነዳጅ ታንኩ ክዳን መጋጠሚያ እያፈሰ የፊት መስታወቱን እንዳይበክል በፕላስተር ይሸፍኑት ነበር። በስቲከር የመጡትን ትቼ እውነተኛ ፕላስተር በምላጭ ቆርጬ ለጠፍኩ። በጣም አማረ።

መግዛት ለሚያስብ፦ ለትንሽ ልጅ አይሆንም፤ ክፍሎቹ ደቃቅ ናቸው። ቀለምና ማጣበቂያ አብሮ አይመጣም። አዳማ ከሆናችሁ ንፋሱ ሳይነሳ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ቀቡ፤ አለበለዚያ አቧራው እርጥብ ቀለም ላይ ይቀመጣል። ለአገጣጠሙ ከ10 ዘጠኝ፣ ለስቲከሩ አራት እሰጠዋለሁ።

ቀጥሎ ፋየርፍላይ የሚባለውን አውሮፕላን እንድታመጣልኝ የእህቴን ልጅ ለምኛታለሁ። እንግሊዞች ፓስፊክ ላይ የተዋጉበት ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ የእኛም አየር ኃይል አብርሮታል። የእኛ ምልክት ካርቶኑ ውስጥ ባይኖር ግድ የለም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ጋራዤ ውስጥ ሞልቷል።