«ካቴናውን ብቻ ቀይረን እንልቀቅህ» ሲሏችሁ እሺ አትበሉ

ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ሱዙኪ ዲዛየር የምትነዱ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ነገሩ ስለ ታይሚንግ ካቴና ነው፤ ክራንክሻፍቱን (በፒስተኖቹ የሚዞረውን ዘንግ) ከካምሻፍቱ (ቫልቮቹን ከሚከፍተው ዘንግ) ጋር አናብቦ የሚያዞር ሰንሰለት። በተለይ በመኪናችሁ ታክሲ እየሠራችሁ ቤት የምታስተዳድሩ።

ጠዋት ሞተር ስታስነሱ ለጥቂት ሰከንድ ከፊት በኩል «ቀቀቀቀ» የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ጋራዥ ከሄዳችሁ፣ ብዙ ጊዜ የምትሰሙት ይህን ነው። «ታይሚንግ ካቴናው ተለጥጧል። ዕቃውን ከነእጁ በዚህ ዋጋ ቀይረን ዛሬውኑ እንለቅሃለን።» ዋጋው ከሌሎቹ ይቀንሳል። ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል። መኪናዋ ካልወጣች ገቢ የሌለው ሰው ይህን ሰምቶ እንዴት እምቢ ይላል? እኔን ደጋግሞ ያስከፈለኝ ግን ይኸው ነው።

የኔ ቪትዝ ናት። ካቴናው ተቀየረ፣ ድምፁ ጠፋ። ክረምቱ ሳይወጣ ተመልሶ መጣ። ወደዚያው ጋራዥ መለስኳት። «ሥራው አይደለም፣ ዕቃው ነው። ገበያ ላይ ያለው ሁሉ እንደዚህ ሆኗል» አሉኝ። ዕቃው የተገዛበት ሱቅ ስሄድ ደግሞ «ያበላሸው የገጠመው ሰው ነው። የተገጠመ ዕቃ አንመልስም» ተባልኩ። እነሱ እርስ በርስ ጣት ሲቀሳሰሩ ከፋይ እኔ ሆንኩ። ሁለተኛው ካቴናም አልከረመም። ጭራሽ የቼክ ኢንጅን መብራት በራ። በኮምፒውተር አጠፉትና «ተስተካክሏል» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። መብራቱ ሳይውል ሳያድር ተመልሶ በራ። ኮምፒውተሩ ያወጣው የብልሽት ኮድ ፒ0016 ነበር። ክራንክሻፍቱና ካምሻፍቱ አልተናበቡም ማለት ነው። ይህን ኮድ ማጥፋት መኪናዋን መጠገን አይደለም። ምክንያቱ እስካልተነካ ድረስ ተመልሶ ይመጣል።

በመጨረሻ ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ሲፈታ አጠገቡ እንድቆም ፈቀደልኝ። የሞተሩ የፊት ክዳን ሲነሳ ያየሁትን ልንገራችሁ። ካቴናው አዲስ ነው። አዲስ የሆነው ግን እሱ ብቻ ነው። ካቴናው የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ፕላስቲክ ጋይዶች የድሮዎቹ ናቸው። ጠቁረዋል። ላያቸው ላይ ካቴናው የቆፈረው ቦይ አለ። ጥፍሬን ብሰደው ገባ። የአንደኛው ጫፍ ተቆርሶ የለም። ካቴናውን የሚወጥረው ቴንሽነርም የድሮው ነው። ካቴናው የሚነክሳቸው የማርሽ ጥርሶች ጫፋቸው ሾሏል። «ጋሼ፣ ኪቱ ሙሉ ነው፣ አብሮ የሚቀየረው ሁሉ ተቀይሯል ብለውኝ ነበር እኮ» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም። ዝቅ ብሎ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ኮፓውን መፍታት ጀመረ።

ዋናው ጉድ የነበረው እዚያ ነው። ፓምፑ ዘይት የሚስብባት ወንፊት ግማሽ በግማሽ ተደፍናለች። ጥቁር የዘይት ጭቃ አለባት። የተሰባበረ የጋይድ ፕላስቲክ አለባት። ከሁሉ የገረመኝ ግን እንደ ትል የተጠቀለለው ቀይ ሲሊኮን ነው። መጀመሪያ የገጠሙት ሰዎች የፊት ክዳኑን ሲመልሱ ሲሊኮኑን አብዝተው ቀብተውታል። ክዳኑ ሲጠብቅ ትርፉ ወደ ውስጥ ተገፋ። ከዚያ ተቆርጦ ወደቀና ወንፊቷ ላይ ተለጠፈ።

ይህ ከካቴና ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። በነዚህ ሞተሮች ላይ ቴንሽነሩ ካቴናውን የሚወጥረው በዘይት ግፊት ነው። ወንፊቷ ስትደፈን ዘይቱ በቂ ሆኖ አይደርሰውም። በተለይ ጠዋት፣ ዘይቱ ቀዝቅዞ ወፍራም በሆነበት ሰዓት። ካቴናው ላልቶ ጋይዱን ይመታል። ጋይዱ ይሰበራል። ስብርባሪው ኮፓ ውስጥ ወርዶ ወንፊቷን ይበልጥ ይደፍናል። በዚህ ሞተር ላይ የፈለጋችሁትን ኦርጅናል ካቴና ብትገጥሙ ዕድሜ የለውም። አዲስ ካቴና ባለቀ ጥርስ ላይ ሲገጠም ደግሞ እሱም ቶሎ ያልቃል።

እንግዲህ ያ «ርካሽ» ዋጋ የት እንደሚሄድ አስተውሉ። ካቴና ለመቀየር የፊት ክዳኑ መከፈት አለበት። የእጅ ዋጋው በዋናነት የሚከፈለው ለዚህ ነው። ክዳኑ አንዴ ከተከፈተ ጋይዶቹን፣ ቴንሽነሩንና ጥርሶቹን አብሮ መቀየር ብዙ ተጨማሪ እጅ አይጠይቅም። እነሱን አስቀርተው ዋጋ የሚቀንሱላችሁ ሰዎች ያንኑ ክዳን በድጋሚ ሊያስከፍቷችሁ ነው። እያወቁ የሚያደርጉት አሉ፣ ሳያውቁ የሚያደርጉትም አሉ። ለእኛ ኪስ ልዩነት የለውም።

አደጋው በድምፅ ቢቆም ባልጻፍኩ ነበር። ካቴናው አንድ ሁለት ጥርስ ከዘለለ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በላይ ከዘለለ ወይም ከተበጠሰ ፒስተኑ የተከፈተ ቫልቭ ያገኝና ያጣምመዋል። ያኔ ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይ ክፍል፣ ቴስታታው፣ ተፈትቶ ይወርዳል። ሞተሩ መንገድ ላይ በድንገት ሲጠፋ ደግሞ ከኋላችሁ የሚመጣው መኪና አያውቅም።

ስለዚህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጋራዡን እንዲህ በሉት። ከካቴናው ሌላ ምን ምን ይቀየራል? ኮፓው ወርዶ ወንፊቷ ትታያለች ወይ? የወጣው አሮጌ ዕቃ በሙሉ በፌስታል ይሰጠኝ። ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ አትተዉት። አሮጌው ጋይድ እጃችሁ ላይ ከሌለ መኪናችሁ ውስጥ አለ ማለት ነው። «ካቴናው ተለጥጧል» ካሏችሁም በምን እንዳወቁ ጠይቁ። የሞተሩ መመሪያ በተወሰነ ቁጥር የካቴና ዘለላ ላይ የሚፈቀደውን ርዝመት ይናገራል። ጥሩ መካኒክ ካሊፐር በሚባለው መለኪያ ለክቶ ያሳያችኋል። ሲገጠምም የካቴናውና የማርሾቹ ምልክቶች ከተገጣጠሙ በኋላ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ክራንክሻፍቱ በእጅ ሁለት ዙር መዞር አለበት። ይህን ዘሎ ቁልፍ የሚያዞር ሰው በሞተራችሁ ዕድሉን እየሞከረ ነው።

የዕቃው ነገር ይለያል። የአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ሶማሌ ተራ ላይ ኦርጅናሉም፣ ያገለገለውም፣ ኮፒውም ጎን ለጎን ነው የሚሸጠው። ካርቶኑን አትመኑ። ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው። ከተቻለ ዕቃውንም እጁንም አንድ ሰው ይውሰደውና በአንድ ደረሰኝ ይጻፍላችሁ። ያኔ ጣት መቀሳሰር የለም። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ የተሠራው ሥራ፣ ኪሎሜትሩና የዋስትናው ጊዜ ይስፈር። «እኔ አለሁ» የሚል ቃል ዋስትና አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ የመጠየቅ መብት ለሸማቹ ሰጥቷል። ጉድለት ላለበት አገልግሎትም እንዲሁ። ግን ያለ ደረሰኝ የት ትደርሳላችሁ? ጥፋቱን እንዳያችሁ ወዲያው በጽሑፍ ጠይቁ፣ አታዘግዩ።

ዘይቱንም ልንገራችሁ። ካቴና እንደ ቺንጋ (በሌሎች ሞተሮች በካቴና ፈንታ እንደሚገጠመው የጎማ ቀበቶ) የሚቀየርበት ቋሚ ኪሎሜትር ስለሌለው «ዕድሜ ልኩን ነው» ይባላል። እውነት የሚሆነው ዘይቱ በጊዜው ሲቀየር ብቻ ነው። 5W-30 ለሚባለው ቀጭን ዘይት የተሠራ ትንሽ ሞተር ውስጥ 20W-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት መጨመር ድምፁን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ ካቴናውን አያድነውም። ቺንጋ ያላቸው የድሮ የናፍጣ ሃይሉክስና ሃይስ የምትነዱም ይህ አይመለከተንም አትበሉ። ቺንጋ ቶሎ ቶሎ የሚያልቅባችሁ ከሆነ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ፓራውሊዮ ዘይት እየተፋበት እንደሆነ ወይም ቺንጋውን የሚወጥረው ኩሽኔታ አልዞር ብሎ እንደያዘ አስፈትሹ።

መኪና ልትገዙ ያሰባችሁም አላችሁ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከ2016 ጀምሮ ስለተከለከለ ገበያው ላይ የሚዞሩት የነዳጅ መኪኖች በአብዛኛው እነዚሁ ያረጁት ናቸው። ደላላው «ሞተሯ ልስልስ ያለ ነው» ብሎ አሙቆ ይጠብቃችኋል። የሞቀ ሞተር ይህን ድምፅ ይደብቃል። ስትደርሱ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጃችሁ ንኩ። ከሞቀ ቁልፍ ሳታዞሩ ተመለሱ፣ በማግስቱ ጠዋት ሌላ ሰው ሳያስነሳት በፊት ሂዱ። መስኮቱን ክፈቱ፣ ሬዲዮውን አጥፉ። አስነሱና የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ስሙ። «ቀቀቀ» ካለች የጋይድ፣ የቴንሽነር፣ የጥርስና የካቴና ወጪ ከነእጁ ከዋጋው ላይ ይቀነስላችሁ። እምቢ ካሉ ትታችሁ ሂዱ።