ሶፍትዌር በምድብ ይደርደር ወይስ በታግ? የቱ ይሻላል

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ለሰው ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሰራ ሲስተም) ስጭን ሁሌ የሚገጥመኝ ነገር ነው፣ ዴቢያን 12 የሚባለው የሊኑክስ አይነት ብቻ ከ64 ሺህ በላይ ፓኬጅ (ተዘጋጅቶ የሚጫን ሶፍትዌር) አለው፣ ታዲያ ሰው የሚፈልገውን ከዛ ሁሉ ውስጥ በምን ያግኘው?

ምድብ፦ አንድ ፓኬጅ አንድ ቦታ ብቻ፣ የዴቢያን ሴክሽን (ፓኬጆቹን የሚከፍልበት ክፍል) እንደዚህ ነው። ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ተራ ገብቶ በርበሬ እንደመግዛት ነው፣ ለሚደረድረውም ስራው ትንሽ ነው። ግን ቪኤልሲ (ቪዲዮም ዘፈንም የሚያጫውት ፕሮግራም) ያለው «ቪዲዮ» ውስጥ ስለሆነ ዘፈን ማጫወቻ ብሎ «ድምፅ» ውስጥ የገባ ሰው አያገኘውም። ስሞቹም ከባድ ናቸው፣ አንዲት ተማሪ «ላይብረሪ» የሚለውን መጽሐፍ ያለበት መስሏት ከፍታ ግራ ስትጋባ አይቻለሁ፣ በሷ አልፈርድም ምክንያቱም «ላይብረሪ» እዚህ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ኮድ ማለት ነው፣ ስሙ የወጣው ለፕሮግራመር ነው እንጂ ለሷ አይደለም።

ታግ፦ አንድ ፓኬጅ ላይ ብዙ መለያ ቃል መለጠፍ ነው፣ ቪኤልሲ ላይ «ቪዲዮ»ም «ሙዚቃ»ም ይለጠፋል፣ በሁለቱም በኩል ይገኛል። ዴብታግስም (የዴቢያን የታግ አሰራር) «ለምን ይጠቅማል»፣ «ከምን አይነት ፋይል ጋር ይሰራል» እያለ ነው የሚከፍለው፣ ሰው የሚያስበውም እንደዛ ነው። ግን ስራው አያልቅም፣ አንዱ «ፎቶ» ሌላው «ምስል» ብሎ ከለጠፈ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው፣ ስለዚህ ዝርዝሩ ቀድሞ ይወሰን።

ለትምህርት ቤት ላብ 30 ፕሮግራም ከሆነ ምድብ ይበቃል፣ ብቻ «ደብዳቤ መጻፊያ»፣ «ፎቶ ማስተካከያ» ብላችሁ በስራው ሰይሙት። ብዙ ሺህ ከሆነና ሁሌ የሚከታተል ሰው ካላችሁ ታግ። የሚከታተል ሰው ከሌለ ግን ታግን አትጀምሩት።