በወንጀል ችሎት የመብት ጥሰት አቤቱታ፦ የትኛው መንገድ ያዋጣል?

የወንጀል ተከሳሽ «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ተጥሷል» ሲል በሕጋችን የሚያገኛቸው መንገዶች እኩል አያደርሱም።

ከሁሉ የተሻለው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ነው፤ ያለ ሕግ የተያዘ ሰው እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት የሚጠየቅበት። የተያዘ ሰው የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(3)። አቤቱታው የሚመራው ግን በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 177 ነው፤ በወንጀሉ ሥነ ሥርዓት ውስጥ የሚፈልገው ሰው በከንቱ ይደክማል። በቃለ መሐላ ተደግፎ ይቀርባል፦ ሰውየውን ማን እንደያዘው፣ የት እንዳለ፣ እንዴት እንደተያዘ፣ ማን ሊመሰክር እንደሚችል። ታሳሪው መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ይምልለታል፤ ያልቻለበት ምክንያት ግን መገለጽ አለበት። አብዛኛው አቤቱታ የሚበላሸው በደፈናው «ፖሊስ ይዞታል» ሲባል ነው። ጣቢያውና ኃላፊው ካልተለዩ ትእዛዙ ለማን ይድረስ?

ጊዜ ቀጠሮ ላይ፣ ማለትም ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ተጠርጣሪው ታስሮ እንዲቆይ ሲጠይቅ፣ ሕጉ ይሳሳል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 አንዱ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይለፍ ይላል፤ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ግን አይናገርም። ስለዚህ በየችሎቱ «ባለፈው ቀጠሮ ምን ተሠራ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን መዝገብ ላይ ማስፈር ነው። ዋስትና የተከለከለ በ20 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይበል (ቁጥር 75)።

የክስ መቃወሚያ፣ ቁጥር 130፣ ያረጀ መሣሪያ ነው። ይርጋ (የመክሰሻ ጊዜ ማለፍ)፣ ምሕረት፣ በአንድ ጉዳይ ሁለት ጊዜ መከሰስ ተዘርዝረውበታል፤ የመብት ጥሰት የሚል ግን የለም። ክሱ ዝርዝር ከጎደለው ቁጥር 111 እና 112ን ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(2) ጋር አያይዞ መጻፍ ይሻላል። አንቀጽ ሳይጠቅሱ «መብቴ ተነካ» ማለት ውድቅ ለመደረግ መቸኮል ነው።

ተገድዶ የተሰጠ ቃል በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19(5) ማስረጃ አይሆንም። ተቃውሞው መነሳት ያለበት ዐቃቤ ሕግ ቃሉን ሲያቀርብ ነው፤ ተከሳሹ መከላከያውን እስኪያቀርብ ማቆየቱ አያዋጣም።

የሚከሰስበት ሕግ ራሱ ከሕገ መንግሥቱ ይጋጫል የሚል ሰው 11 አባላት ወዳሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ያመራል (የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 84፣ አዋጅ ቁጥር 798/2005)። ጉባኤው የሕገ መንግሥት ትርጉም ያስፈልጋል ካለ የውሳኔ ሐሳቡን ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይልካል፤ አያስፈልግም ካለ ጉዳዩን ለፍርድ ቤቱ ይመልሳል፣ ቅር የተሰኘ ወገንም ለምክር ቤቱ ይግባኝ ይላል። እዚህ ላይ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ነው። ምክር ቤቱ በ30 ቀን ይወስን ተብሏል፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን ጉዳዩ ከጉባኤው ሲደርሰው ነው፣ ለጉባኤው ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ቀን አልቆረጠለትም። ለታሰረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በማስረጃ ምዘና ላይ ያለን ቅሬታ የሕገ መንግሥት ካባ አልብሶ ወደዚያ መላክም ትርፉ መመላለስ ነው፤ ቦታው ይግባኝ ነው።

ጥያቄው በቃል ብቻ እንዳይቀር በጽሑፍ ይቅረብ፣ የተቃወሙት አንቀጽና የተጣሰው መብት በቁጥር ይጠቀሱ፣ ችሎቱ ካልተቀበለው ትእዛዙ ተጽፎ ግልባጩ ይወሰድ። የዋስትና ጥያቄ ካለ በዚያው ቀን፣ በተለየ ማመልከቻ።