ባለ ከረጢት፣ ባለ ሳይክሎን ወይስ ቫክዩም? አቧራ ሰብሳቢ ከመግዛትዎ በፊት

አቧራ ሰብሳቢ ማሽን ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ነው። ሻጩም ደስ እያለው ይመልሳል፤ ቁጥሩ በትልቁ ተለጥፏልና። እኔ ግን ማሽኑ የሳበውን አየር በምን አጣርቶ ወደ ክፍሉ እንደሚመልሰው መጠየቅን አስቀድማለሁ። ወለል ላይ የሚከመረው ሰጋቱራ በመጥረጊያም ይነሳል። ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባው ግን በዓይን የማይታየው፣ ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ከዚያ አንጻር ይገምቱት። ይህ ብናኝ መጋዙ ከቆመ በኋላም ለረጅም ሰዓት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ሰነድ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ አስገብቶታል፤ በዋናነት የሚያያዘውም ከአፍንጫ ውስጥና ከሳይነስ ካንሰር ጋር ነው።

ገበያ ላይ ያሉት በስም ቢበዙም ለአነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤት ምርጫው ሦስት ነው። አንደኛው የወርክሾፕ ቫክዩም ነው። ሁለተኛው ከላይ የጨርቅ ከረጢት ወይም እጥፍጥፍ ፊልተር፣ ከታች የሰጋቱራ ከረጢት ያለው ሰብሳቢ ነው። ሦስተኛው ባለ ሳይክሎኑ ነው፤ አየሩን በሾጣጣ ቆርቆሮ ውስጥ እያሽከረከረ ከባዱን በርሜል ውስጥ ይጥልና ደቃቁን ብቻ ወደ ፊልተሩ ያሳልፋል። ጣሪያ ላይ የሚንጠለጠለው አየር ማጣሪያ እንደ አራተኛ ምርጫ ሲቀርብ ይታያል፤ እኔ ከውድድሩ አውጥቼዋለሁ። እሱ ዘንድ የሚደርሰው አቧራ አስቀድሞ በአፍንጫዎ አጠገብ ያለፈ ነው። ለተረፈው ብናኝ ጥሩ ረዳት ነው፣ ሰብሳቢውን ግን አይተካም።

ጉልበትና የአየር መጠን ለየቅል ናቸው

ቫክዩም በጠባብ ቱቦ በኃይል ይስባል፤ የሚያንቀሳቅሰው አየር ግን ትንሽ ነው፣ በሰዓት 200 ሜትር ኩብ ገደማ። ትልቁ ሰብሳቢ ተቃራኒው ነው፦ የመሳብ ግፊቱ ደካማ፣ የሚያንቀሳቅሰው አየር ብዙ። ስለዚህ እንደ እጅ ማለስለሻ ማሽን ያለ መውጫው ጠባብ የሆነ መሣሪያ ቫክዩም ይፈልጋል። ሰብሳቢውን በዚያ ቱቦ ላይ ቢያስሩት ይታፈናል። መላጊያ ማሽንን ከቫክዩም ጋር ማገናኘትም ድካም ብቻ ነው፤ ቱቦው በፍቅፋቂ ይደፈናል፣ ባልዲውም በደቂቃዎች ይሞላል።

ካታሎግ ላይ የሚጻፈውን የአየር መጠን በጥርጣሬ ይዩት። አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቱቦ፣ አንዳንዴም ያለ ፊልተር የተለካ ነው። ቱቦ፣ መታጠፊያና የቆሸሸ ፊልተር ሲጨመርበት ብዙው ይጠፋል። ለንጽጽር የሚረዳ አንድ ስሌት ልስጣችሁ። ሰጋቱራ ቱቦ ውስጥ ሳይተኛ እንዲጓዝ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን አለበት። በ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይህን ፍጥነት ለመጠበቅ በሰዓት 565 ሜትር ኩብ ገደማ ይበቃል፤ በ150 ሚሊ ሜትር ቱቦ ግን 1,270 ያስፈልጋል። ሰፊው ቱቦ ለጠንካራ ማሽን በረከት ነው። ደካማ ማሽን ላይ ሲገጠም ግን ፍቅፋቂው መንገድ ላይ እየተኛ ይከማቻል፤ ቱቦ ውስጥ የተጋደመ ደረቅ ሰጋቱራ ደግሞ ፍንጣሪ የሚጠብቅ ነዳጅ ነው። አነስተኛ ማሽን የገዛ ሰው አጭር ቱቦ ይዘርጋ፣ መታጠፊያ ይቀንስ፣ በአንድ ጊዜም የአንድ ማሽን የቱቦ መዝጊያ ብቻ ይክፈት።

ፊልተሩ ላይ አይደራደሩ

ርካሹ ባለ ከረጢት ሰብሳቢ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው 30 ማይክሮን ጨርቅ ነው። ከላይ ያልነውን 10 ማይክሮን ያስታውሱ። ይህ ማሽን የሚታየውን ቆሻሻ ያስቀርና የማይታየውን በፋን ኃይል በክፍሉ ይረጨዋል። ማረጋገጥ ለሚፈልግ ቀላል መንገድ አለ፦ መብራት ያጥፉ፣ ማሽኑን ያስነሱ፣ የእጅ ባትሪ በጨርቁ ጎን አግድም ያብሩ። ከረጢቱ ተነፍቶ ቀጥ በሚልበት ቅጽበት ብናኙ ከጨርቁ ላይ እንደ ጭስ ሲነሳ በብርሃኑ መስመር ውስጥ ይታያል። ወለሉ ንጹሕ ሆኖ የመደርደሪያው አናት ግን በስሱ ነጭ ዱቄት የሚሸፈነው በዚህ ነው። እንዲህ ያለውን ማሽን ክፍል ውስጥ ከመጠቀም አለመግዛት ይሻላል ባይ ነኝ። የገዛም ካለ ከረጢቱን በእጥፍጥፍ ፊልተር ይተካ፤ ለብዙዎቹ ሞዴሎች የሚገጥም ይገኛል። የእጥፋቱ ብዛት የማጣሪያውን ስፋት ስለሚጨምር ደቃቁን እየያዘም አየሩን እንደ ልብ ያሳልፋል።

“1 ማይክሮን” ተብሎ የተጻፈውም ብቻውን በቂ አይደለም። በ1 ማይክሮን ስንት በመቶ ያስቀራል? ይህን የማይመልስ መለያ ማስታወቂያ ነው። ሄፓ የሚባለው ማጣሪያ ለምሳሌ ቁጥሩን ይናገራል፤ 0.3 ማይክሮን የሆነውን ብናኝ 99.97 በመቶ መያዝ አለበት።

በዚህ ረገድ ቫክዩሞች ይቀድማሉ። በአውሮፓ ደረጃ ኤል፣ ኤም እና ኤች ተብለው ይመደባሉ፤ ኤል እስከ 1 በመቶ፣ ኤም እስከ 0.1 በመቶ፣ ኤች እስከ 0.005 በመቶ ብናኝ ቢያሾልኩ ነው የሚፈቀድላቸው። ለእንጨት ሥራ የምመክረው ኤም ደረጃውን ነው። የአየሩ ፍጥነት ሲወርድ የሚጮህ ማስጠንቀቂያም ስላለው ፊልተሩ መደፈኑን በግምት አያውቁትም። በተለይ ኤምዲኤፍ (ከደቃቅ የእንጨት ጭረትና ሙጫ የተጨመቀ ጣውላ) ለሚቆርጥና ለሚያለሰልስ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

ሳይክሎኑ በዚህ መሥፈርት የሚያሸንፈው ፊልተሩ የተሻለ ስለሆነ ሳይሆን ወደ ፊልተሩ የሚደርሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። ስለዚህ የመሳብ ኃይሉ ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ሁለት ነገር ግን ያበላሹታል፤ የበርሜሉ ክዳን አየር ማስገባትና በርሜሉ ሞልቶ መትረፍ። በሁለቱም ጊዜ ፍቅፋቂው ተመልሶ ይነሳና ፊልተሩን ይሞላዋል። በርሜሉ ላይ መስኮት ወይም ሲሞላ የሚጠቁም መብራት ያለውን ይምረጡ።

እሳት

በሦስቱ መካከል ያለው የደኅንነት ልዩነት ጎልቶ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው። ባለ ከረጢቱ የሳበውን ሁሉ በፋኑ ክንፎች መካከል ያሳልፋል። ከእንጨት የወጣ ምስማር ወይም ብሎን የብረት ክንፍ ሲመታ ይፈነጥራል፤ ፍንጣሪውም የሚያርፈው ደረቅ ሰጋቱራ የሞላበት ከረጢት ውስጥ ነው። የአሉሚኒየም ክንፍ ያለው በዚህ ረገድ ይሻላል። በሳይክሎን ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋኑ ከመለያው በኋላ ስለሚገጠም ምስማሩ በርሜል ውስጥ ይወድቃል እንጂ ክንፉ ዘንድ አይደርስም።

የትኛውንም ይግዙ፣ ብረት የሚቆርጥና የሚሞርድ ግራይንደር ከእንጨት አቧራ ሰብሳቢ ጋር አይገናኝ። የሰጋቱራ እሳት ወዲያው ነበልባል አያሳይም፤ ውስጥ ለውስጥ ለሰዓታት ሲጨስ ቆይቶ ቤቱ ተዘግቶ ሁሉም ከሄደ በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከረጢቱ ማታ ተራግፎ ሰጋቱራው ከቤት ውጭ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ይደር። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅም እዚያ ውስጥ አይጣል፤ ያለ ክብሪት ራሱን አግሎ ይነዳል።

ስለ ፍንዳታ ብዙ ይወራል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ሥራ በአማካይ እንዲተነፍስ የሚፈቅደው የጠንካራ እንጨት አቧራ በሜትር ኩብ 2 ሚሊ ግራም ነው። ለመፈንዳት ግን በሜትር ኩብ 40 ግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ 20,000 እጥፍ መሆኑ ነው። የሥራ ቤትዎ አየር እዚያ ከመድረሱ እጅግ አስቀድሞ ሳንባዎ ይጎዳል። አደጋው በትልልቅ መሰንጠቂያዎች ግን እውን ነው፦ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2012 በካናዳ በርንስ ሌክ የደረሰው ፍንዳታ 2 ሠራተኞችን ገድሎ 20 አቁስሏል። በማገርና በመደርደሪያ ላይ የተኛ አቧራ በትንሽ ነበልባል ተናውጦ ሲረግፍ ነው ነገሩ የሚከፋው። ስለዚህ ከፍ ያለውን ቦታ በቫክዩም ያጽዱ፤ በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ብናኙን ደመና ማድረግ ነው።

ስታቲክን፣ ማለት አቧራው ቱቦውን ሲፈትግ የሚጠራቀመውን ኤሌክትሪክ፣ በተመለከተ የብረት ቱቦ ኧርዝ ማድረግ ቀላል ነው። ፕላስቲክ ግን ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ሽቦ ቢጠመጠምበትም ሽቦው የነካውን አካባቢ ብቻ ነው የሚያግዘው። በትንሽ ሥራ ቤት ስታቲክ የሚያሳስበኝ በሌላ ምክንያት ነው፤ መጋዝ አጠገብ ድንገት ነዝሮት እጁን የሚወረውር ሰው እጁ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም።

አየሩን ያለ ፊልተር ወደ ውጭ ማስወጣት ለሚያስቡ፦ ለሳንባ ከሁሉም ይሻላል። ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ከሰል ወይም ጋዝ የሚያነድ ማሞቂያ ካለ ማሽኑ የጭስ ማውጫውን አየር ወደ ኋላ ስቦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያስገባ ይችላል። ለተወጣው አየር ምትክ የሚገባበት በቂ ክፍተት ከሌለ አይሞክሩት።

ሲያራግፉና ሲጠግኑ

በቀን ውስጥ ብዙ አቧራ የሚተነፈሰው ሲያራግፉ ነው። ቫክዩም ከውስጥ የሚጣል ከረጢት ካለው አፉን ዘግተው ያወጡታል፤ ንጹሑ እሱ ነው። የሳይክሎን በርሜል ይከተላል። ባለ ከረጢቱ መጨረሻ ነው፤ ቀለበቱን ከፍቶ የሞላ ላስቲክ ማውረድ፣ ከዚያም መልሶ ማሰር የሚያታግል ሥራ ነው። አጥፍተው ጥቂት ይቆዩ፣ ጭምብል ያድርጉ። ኤፍኤፍፒ2 የሚባለው የጭምብል ደረጃ ቢያንስ 94 በመቶ፣ ኤፍኤፍፒ3 ቢያንስ 99 በመቶ ያጣራል፤ ሁለቱም ጺም ባለበት ፊት ላይ በደንብ አይገጥሙም።

ቱቦ ሲደፈን መጀመሪያ ሶኬቱ ይነቀላል። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፣ ፋኑ ከጠፋም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ይሽከረከራልና።

አንድ ብዙዎች የማይጠብቁት ነገር አለ፦ እነዚህ ፋኖች መግቢያቸው ሲዘጋ ሳይሆን ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ነው ብዙ ኤሌክትሪክ የሚስቡት። ቱቦ ነቅሎ ለሙከራ ማስነሳት ሞተሩን ያግላል። ቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽንም እንዲሁ፤ የራሱ መስመርና ብሬከር ይኑረው።

ታዲያ የትኛውን?

ሥራዎ በእጅ መሣሪያ ከሆነ፣ ማለት ማለስለሻ፣ እጅ መጋዝና ራውተር (የእንጨት ጠርዝና ቦይ መቅረጫ)፣ ኤም ደረጃ ቫክዩም ይበቃል። በሌላ ማሽን ገንዘብ አያባክኑ። የጠረጴዛ መጋዝና አልፎ አልፎ መላጊያ ካለ ባለ እጥፍጥፍ ፊልተሩን ሰብሳቢ ይውሰዱ፤ ከፊቱ ባለ በርሜል መለያ ቢጨመርለት የሳይክሎኑን ጥቅም በከፊል ያገኛል፣ ምስማሩም ክንፉ ዘንድ አይደርስም፤ ግን የመሳብ ኃይሉን የተወሰነ ይበላል። መላጊያ በየቀኑ የሚሠራበት ቤት ግን ወደ ሳይክሎን ይሂድ፣ የጣሪያ ከፍታ እስካለው ድረስ። ለማንኛቸውም የጆሮ መከላከያ አይርሱ፤ ድምፃቸው ከመጋዙ ጋር ሲደመር ከባድ ነው።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሶኬቱን ነቅሎ ፋኑን በእጁ ያዙር። ክንፉ ላይ የተበላ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ ካለ፣ ሲዞርም የሚወላገድ ከሆነ ይተወው። ከረጢቱን ገልብጦ ውስጡን ያሽትት፣ የተቃጠለ ነጥብ ካለም ይፈልግ። ፊልተሩ ላይ መለያ ከሌለ 30 ማይክሮን ነው ብሎ በዚያው ዋጋ ይከራከር።